አሥራ አራቱ አቻዎች፦ የ2025/26ቱ የአርሰናል ክርክር የዘለለው ሒሳብ

በዚህ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደሴ ላይ ፀሐይ ካየው ሰው ይልቅ የአርሰናልን አሰላለፍ በወረቀት የጻፈው ሳይበልጥ አይቀርም። የጦሳ ተራራ በጉም ተጀቡኗል፤ ዝናቡም ሰውን በረንዳ ለበረንዳ ሰብስቦ ስለያዘው ወቅቱ ለክርክር የተመቸ ነው። ፒያሳ ማኪያቶ የያዙት፣ ሐረጎን ቁልቁል በሚወርደው የኮምቦልቻ ሚኒባስ የተሳፈሩት፣ ወልዲያ ላይ ባጃጃቸውን አቁመው ተራ የሚጠብቁት ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ዘንድሮስ?» አንዱ «አብሽር፣ አጥቂ መጥቷል» ይላል። የማንቼው ደጋፊ ደግሞ «አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ሁለተኛ ሆናችሁ ጠጣችሁት፤ አሁን ረከቦቱ ይነሣ» ብሎ ይመልስለታል።

ቀልዱ መሠረት አለው። አርሰናል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2022/23 በ84፣ በ2023/24 በ89፣ በ2024/25 በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ማንቸስተር ሲቲ በ89 እና በ91 ነጥብ፣ የመጨረሻውን ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ወስደውበታል። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ያያል፦ አርሰናልን ሁለተኛ ያደረገው የ2022/23ቱ 84 ነጥብ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊቨርፑልን ሻምፒዮን አደረገው። «ዘንድሮ ስንት ነጥብ ይበቃል?» ብሎ መጨቃጨቅ ስለዚህ ብዙ አያራምድም። የሚያራምደው ያለፈው ዓመት ነጥብ የት የት እንደፈሰሰ ቆጥሮ፣ አዲስ የመጡት ተጫዋቾች ያንን ቀዳዳ ይደፍኑ እንደሆነ ማየት ነው።

እንቁጠረው። በ2024/25 ሊቨርፑል 25 አሸንፎ፣ 9 አቻ ወጥቶ፣ 4 ተሸንፏል። አርሰናል 20 አሸንፎ፣ 14 አቻ ወጥቶ፣ 4 ተሸንፏል። በሽንፈት እኩል ናቸው። በመከላከልማ አርሰናል ይሻላል፤ 34 ጎል ሲቆጠርበት ሊቨርፑል ላይ 41 ገብቷል። የአሥር ነጥቡ ልዩነት ከአምስት ጨዋታ የመጣ ነው፦ ሊቨርፑል ያሸነፋቸው፣ አርሰናል ግን አቻ የወጣባቸው አምስት ጨዋታዎች። አምስት ጊዜ ሁለት፣ አሥር። የበረንዳው ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ሒሳብ ዙሪያ መሆን ነበረበት፤ ግን ሲነሣ አይሰማም።

የሚነሣው «ዘጠኝ ቁጥር (ዋና ጎል አግቢ) አልነበረንም» የሚለው ነው። ይህም ውሸት አይደለም። በሊጉ አሥር ጎል የደረሰ አንድ የአርሰናል ተጫዋች አልነበረም፤ ቀዳሚው ካይ ሃቨርትዝ ዘጠኝ ላይ ቆሟል። በሌላ በኩል ሞሐመድ ሳላህ ብቻውን 29 አስቆጥሯል። ሊቨርፑል በድምሩ 86 ሲያገባ አርሰናል 69 ነው ያገባው። ነገር ግን አሥራ አራቱን አቻዎች አንድ በአንድ ዘርግቶ ላየ ሰው ሥዕሉ ትንሽ ይለወጣል። ያለ ጎል ያለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በሜዳው ከኤቨርተን፣ ከሜዳው ውጪ ከኖቲንግሃም ፎረስት። በሦስቱ ማለትም በፉልሃም፣ በማንቸስተር ዩናይትድና በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ መጀመሪያ ተመርቶ ነው ያመጣጠነው። በቀሩት ዘጠኙ አርሰናል እየመራ ነበር። ከብራይተን ሁለቱንም ጊዜ፣ ከሲቲ፣ በሜዳው ከሊቨርፑል፣ ከቼልሲ፣ ከአስቶን ቪላ፣ በኤቨርተን ሜዳ፣ ከብሬንትፎርድ፣ ከክሪስታል ፓላስ። በእነዚህ ብቻ 18 ነጥብ ቀርቷል። መርቶ 2 ለ 1 የተሸነፈበት የቦርንማውዝ ጨዋታ ሲታከልበት 21 ይሆናል። ሃያ አንድ ነጥብ ከመሪነት ተነሥቶ ጠፋ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጎል የሚያስቆጥር አልጠፋም፤ የጠፋው ሁለተኛውን አክሎ በሩን የሚዘጋው ነው።

በሩ ለምን ሳይዘጋ ቀረ? አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ ሦስቱን ለይቶ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ቀይ ካርድ ነው። አርሰናል በዓመቱ በሊጉ ስድስት ቀይ አይቷል (በዎልቭስ ጨዋታ ማይልስ ሊዊስ ስኬሊ ያየው በኋላ ተሰርዟል)። ከብራይተን ጋር 1 ለ 0 እየመራ ዴክላን ራይስ ገና ከዕረፍት መልስ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። ከሲቲ ጋር 2 ለ 1 እየመራ ሊያንድሮ ትሮሳርድ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ ጆን ስቶንስ በ98ኛው ደቂቃ አመጣጠነ። ሁለቱም የወጡት ጨዋታው ከቆመ በኋላ ኳሷን ገፋ አድርገዋል ተብሎ ነው። ዳኛው አጥብቋል፣ አላጠበቀም የሚለው ክርክር ለቡና ይሁን። በሒሳብ ደብተሩ ላይ ግን በቆመች ኳስ አራት ነጥብ ሄዷል፤ ይህን የትኛውም አዲስ አጥቂ አይመልሰውም።

የካርድ ጉዳት በአንድ ጨዋታ እንደማያበቃም በጥቅምት 2017 ታይቷል። ጥቅምት 9 በቦርንማውዝ ሜዳ፣ ጨዋታው 30ኛው ደቂቃ ላይ ነበር፤ 0 ለ 0። ትሮሳርድ ወደ ኋላ የሰጣት ኳስ አጠረች፤ ኤቫኒልሰን ቀድሞ ሊደርስባት ሲል ዊሊያም ሳሊባ ከግቡ በጣም ርቆ ሳለ ያዘው። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ ነበር የሰጠው፤ በቪዲዮ ረዳቱ ምክር ወደ ቀይ ተለወጠ። አርሰናል አንድ ሰዓት በአሥር ሰው ተጫውቶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ጣጣው ግን አላለቀም። ጥቅምት 17 ሊቨርፑል ሲመጣ ሳሊባ በቅጣት የለም። አርሰናል 2 ለ 1 እየመራ ሁለተኛው የመሀል ተከላካይ ጋብሪኤል ተጎድቶ ወጣ። ሁለቱ ምሰሶዎች በሌሉበት የኋላ መስመር ላይ ሳላህ በ81ኛው ደቂቃ አገባ፤ 2 ለ 2። ያጠረች አንዲት ኳስ በስምንት ቀን ውስጥ አምስት ነጥብ ይዛ ሄደች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት የተቀያሪ ወንበሩ መሳሳት ነው። ቡካዮ ሳካ ታኅሣሥ 12 በፓላስ ሜዳ የታፋ የኋላ ጡንቻው ተጎድቶ እስከ መጋቢት 23 አልተመለሰም። ጋብሪኤል ጄሱስ በጥር የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ከዚያ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ማርቲኔሊና ሃቨርትዝ በተመሳሳይ የታፋ ጉዳት ተከታትለው ወደቁ። ቪላ ወደ አርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ የመጣው ጥር 10፣ በከተራው ማታ ነበር። አርሰናል በ55ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 መራ፤ በ60ኛው ቲለማንስ፣ በ68ኛው ዋትኪንስ አገቡ። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል ሲገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨዋታውን የሚያረጋጋ ወይም ሦስተኛውን የሚያገባ ትኩስ ሰው መኖር ነበረበት፤ አልነበረም።

አጥቂ ጠያቂዎቹ ሙሉ በሙሉ ልክ የሚሆኑት ከዚህ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ በግድ አጥቂ ሆኖ ሌስተር ላይ ሁለት አገባ፤ ሰው ሁሉ መላ ተገኘ አለ። ወዲያው ግን በሜዳው በዌስትሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ከፎረስት 0 ለ 0፣ ከዩናይትድ 1 ለ 1 ወጣ። ከዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ሊቨርፑልን መከተል ያቆመው እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ድካምና የሁለት ውድድር ሽሚያ ነው። ከመጋቢት 27 እስከ ሚያዝያ 15 ባሉት 18 ቀናት አርሰናል ከኤቨርተን፣ ከብሬንትፎርድና ከፓላስ እየመራ አቻ ወጥቷል። በመካከላቸው ሪያል ማድሪድን በቻምፒየንስ ሊግ ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ሐሳቡም ጉልበቱም ወደ አውሮፓ ሄዶ ነበር፤ ዋንጫውም በዚያን ጊዜ ከእጅ ወጥቷል። ስለዚህ እነዚህን ስድስት ነጥቦች ከሌሎቹ እኩል መመዘን አያስፈልግም። የ2024/25ን 74 ነጥብ ከእውነተኛ አቅሙ ዝቅ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። እስከዚህ ነሐሴ መጀመሪያ የመጡት ቪክተር ዮኬሬሽ ከስፖርቲንግ፣ ማርቲን ዙቢሜንዲ ከሪያል ሶሲዳድ፣ ኖኒ ማዱኬና በረኛው ኬፓ ከቼልሲ፣ ክርስቲያን ኖርጋርድ ከብሬንትፎርድ፣ ክርስቲያን ሞስኬራ ከቫሌንሲያ ናቸው። ቶማስ ፓርቴይና ጆርጂንሆ ውላቸው አልቆ ሄደዋል።

ዮኬሬሽ በፖርቱጋል ሊግ ባለፈው ዓመት በ33 ጨዋታ 39 ጎል አግብቷል። ይህን ቁጥር ሰምቶ «ግማሹን እንኳ ቢያገባ» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ትክክል አይደለም። ከ39ኙ ውስጥ ፍጹም ቅጣት ምቶች አሉበት፤ አርሰናል ቤት ደግሞ ሳካ ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መቺው እሱ ነበር። ስፖርቲንግ ውስጥ ኳስ ቶሎ ወደፊት ይለቀቅለት ነበር፤ በግራ በኩል ሰፊ ሜዳ አግኝቶ ተከላካዩን በትከሻ እየገፋ ይሮጥ ነበር። አርሰናል ላይ የሚመጣው ተጋጣሚ ግን ግቡ አጠገብ ተሰብስቦ ነው የሚጠብቀው። በ0 ለ 0 ሰዓት የዮኬሬሽ ትልቁ መሣሪያ፣ ሩጫው፣ ሜዳ ያጥረዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሃያ ጊዜ ብቻ ኳስ ነክቶ ከሜዳ ቢወጣ መደናገጥ አያስፈልግም፤ የሚጠበቅ ነው።

የእሱ ዋጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አርሰናል 1 ለ 0 ሲመራ ተጋጣሚው ለማመጣጠን ይወጣል፤ ከኋላው ሜዳ ይከፈታል። ሜሪኖም ሃቨርትዝም ያንን ሜዳ የሚበሉት ሯጮች አልነበሩም። ዮኬሬሽ ነው። እነዚያ ዘጠኝ የመሪነት አቻዎች እሱ ቢኖር ስንቶቹ 2 ለ 0 ሆነው ያልቁ ነበር ብሎ መጠየቅ ከጎል ብዛቱ የተሻለ መለኪያ ነው። በእንግሊዝ እግር ኳስም እንግዳ አይደለም፤ በ2022/23 ለኮቨንትሪ በሻምፒዮንሺፑ (በሁለተኛው እርከን ሊግ) 21 አግብቷል፤ ግፊያውን ያውቀዋል።

በክርክሩ ግን ከዮኬሬሽ እኩል መጠራት የነበረበት ዙቢሜንዲ ነው። ቡድን እየመራ ሲጨነቅ ኳሷን ተቀብሎ የሚያረጋጋት፣ በአንድ ንክኪ መስመር ሰንጥቆ የሚያሳልፍ የመሀል ሰው ከሌለ፣ ተከላካዩ በረጅሙ ይመታታል፤ ኳሷም ተመልሳ ትመጣለች። መሪነት የሚያልቀው እንዲህ ነው። ዙቢሜንዲ ከተከላካዮች ፊት ሲቆም ራይስ ወደፊት ለመውጣት ነፃ ይሆናል። ማዱኬን «ለምን?» እያለ የሚያጣጥለው ደጋፊ ደግሞ ሳካ ከሦስት ወር በላይ መቅረቱን ያስታውስ። ማዱኬ እንደ ሳካ ግራ እግር ሆኖ በቀኝ መስመር ይጫወታል፤ ሳካን በ65ኛው ደቂቃ አሳርፎ የሚተካ ሰው መኖሩ ከጎሉ በላይ የሳካን ጡንቻ ያድናል። ሞስኬራ ለሳሊባና ለጋብሪኤል፣ ኖርጋርድ ለዙቢሜንዲ ተተኪ ናቸው። የጥቅምት 17 ዓይነት ማታ ሲመጣ ሥራቸው ይታያል። የካርዱን ጉዳይ ግን ማንም አልተገዛለትም፤ እሱ የአሰልጣኙ የሚኬል አርቴታና የተጫዋቾቹ የቤት ሥራ ነው።

ስለ ተፎካካሪዎቹ ብዙ ማለት አይቻልም፤ ሊቨርፑል ቪርትዝንና ኤኪቲኬን ገዝቶ አሌክሳንደር አርኖልድንና ሉዊስ ዲያዝን አጥቷል፤ ሲቲ ራይንደርስንና ሼርኪን አምጥቷል። ስለ ወዳጅነት ጨዋታዎቹም እንደዚያው። በሆንግ ኮንግ በቶተንሃም 1 ለ 0፣ ለንደን ላይ በቪያሪያል 3 ለ 2 ሲሸነፍ ያዘነው ደጋፊ፣ ቢልባዎን 3 ለ 0 ሲረታ ጨፍሯል። አሰልጣኙ በአንድ ጊዜ ግማሽ ቡድን በሚቀይርበት ጨዋታ ማዘንም መጨፈርም ትርፍ ነው። ከእነዚህ ተነሥቶ ለውርርድ ቤት ትኬት የሚቆርጠውማ ለቤቱ እየመጸወተ ነው።

ጠቃሚው የጨዋታ ፕሮግራሙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት እነዚህ ናቸው፦ ነሐሴ 11 በኦልድ ትራፎርድ ከዩናይትድ፣ ነሐሴ 17 (በአሸንድዬ ማግስት) በሜዳው ከሊድስ፣ ነሐሴ 25 በአንፊልድ ከሊቨርፑል፣ መስከረም 3 በሜዳው ከፎረስት፣ መስከረም 11 በሜዳው ከሲቲ፣ በመስቀል ማግስት መስከረም 18 በኒውካስል ሜዳ። ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከስድስት ጨዋታ በኋላ የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ይልቅ ያንኑ ጨዋታ ካለፈው ዓመት ያንኑ ጨዋታ ጋር ማነጻጸር ይሻላል። በ2024/25 አርሰናል በዩናይትድ ሜዳ 1፣ በሊቨርፑል ሜዳ 1፣ ከፎረስት በሜዳው 3፣ ከሲቲ በሜዳው 3፣ በኒውካስል ሜዳ 0 ነጥብ አግኝቷል። ሊድስ ባለፈው ዓመት በሊጉ ስላልነበረ በወረደው በሌስተር ይተካል፤ በሜዳው 4 ለ 2 አሸንፎታል፣ 3 ነጥብ። ድምሩ ከ18ቱ 11 ነው። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ 11 ነጥብ ከያዘ ካለፈው ዓመት አልተንቀሳቀሰም፤ 13 እና ከዚያ በላይ ከያዘ በእርግጥ ተሻሽሏል። 8 ወይም 9 ከሆነ ስለ ዋንጫ ማውራቱ ለጊዜው ይቆይ።

ቀጣዩ የመቁጠሪያ ቦታ አሥረኛው ጨዋታ ነው። ባለፈው ዓመት ከአሥር ጨዋታ በኋላ ሊቨርፑል 25፣ አርሰናል 18 ነጥብ ነበራቸው። በግንቦት ከታየው የአሥር ነጥብ ልዩነት ሰባቱ ገና በጥቅምት ተፈጥሮ ነበር። «ዋንጫ በሚያዝያ ነው የሚታየው» የሚለው የቆየ አባባል ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ሐረጎን ተጭኖ ሽቅብ የሚወጣ አይሱዙ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ካጣ ጫፍ እስኪደርስ በአንደኛ ማርሽ ነው።

ወሎ ውስጥ ለዚህ ሒሳብ እንግዳ ሊሆን የሚገባው ሰው የለም። ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆለት፣ ክለቡ በ2010 መጨረሻ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። ከላይ ለዋንጫ ይሁን ከታች ላለመውረድ፣ እየመሩ አቻ መውጣት የሚያስከፍለው ሁለት ነጥብ ያው ሁለት ነጥብ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ እሑድ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ምሽት 12፡30 ላይ ይጀምራል። (እንግሊዞች ሰዓታቸውን ጥቅምት 16 ሲቀይሩ ጨዋታዎቹ በእኛ አቆጣጠር በአንድ ሰዓት ይዘገያሉ፤ ያኔ «ጀምሯል» ተብሎ ሮጦ ባዶ ስክሪን ማየት አለ።) ቤቱ ጄኔሬተር ካለው፣ ዝናቡም ሳህኑን ካላወከው፣ ዮኬሬሽ አገባ አላገባ ከማለት ሌላ የሚታዩ ነገሮች አሉ። አርሰናል ከመራ በኋላ በሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች ኳሷን ማን ነው የሚቀበለው? ዙቢሜንዲ ከሆነ ጥሩ፤ በረኛው በረጅሙ እየመታ ከሆነ ያለፈው ዓመት አልተለወጠም። ቢጫ ያለበት ተጫዋች ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ከኳሷ ይርቃል ወይስ ይነካታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ 60ኛው ደቂቃ ላይ ካሜራው ወደ መስመሩ ጠርዝ ሲዞር፣ ማዱኬና ኖርጋርድ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ናቸው ወይስ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል?